የቆርቆሮው በር ቁጥር

አንድ ሚሊዮን ሦስትን ከእኔ በላይ አውቃታለሁ የሚል ሰው ካለ ይምጣና እንከራከር። ለየትኛው ቁጥር ስትካፈል ስንት እንደምታስቀር በቃሌ ነው የምወጣው። ለሰባት አራት ታስቀራለች፤ ለዐሥራ አንድ አራት፤ ለዐሥራ ሦስትም ያችኑ አራት። ለዐሥራ ሰባት ዐሥራ ሁለት፣ ለሃያ ሦስት ዘጠኝ። እኩዮቼ ዳዊት ሲደግሙ እኔ እሷን ስደግም ነው ያደግሁት።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቢቸና ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ባለችው ግቢያችን የምንኖረው ሦስት ሰዎች ነበርን፦ አባባ፣ እህቴ ይርጋነሽና እኔ። እናታችን እኔን በወለደች በዓመቱ ስለሞተች ይርጋነሽ ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ አሳደገችኝ። ስሜን ማስተዋል ብላ ያወጣችልኝም እሷ ናት። ስም የሚሆነውን እግዜር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ እኔ በዚያ ዓመት ዓይኔ ሥር የሆነውን አንዱንም አላስተዋልኩም።

አባባ መሪጌታ አካለ ወልድ ይባላሉ። በማኅሌቱ የተከበሩ ነበሩ፤ በከተማው ግን ይበልጥ የሚታወቁት ኮከብ በመቁጠር ነው። ልጁን ሊድር ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚመጣው እኛ ቤት ነው። የልጁንና የእናቱን፣ የልጅቱንና የእናቷን ስም ይናገራል። አባባ የፊደሉን ቁጥር ደምረው በዐሥራ ሁለት ይገድፉታል፤ ዐሥራ ሁለት ዐሥራ ሁለቱን እያወጡ ይጥሉና መጨረሻ ላይ የቀረችው ኮከቡ ናት። «ሰባት ቀረ፤ ሚዛን» ይላሉ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ። በዚያች በቀረችው ስንቱ ተጋባ፣ ስንቱ ተለያየ። እኔም ማካፈልን የለመድኩት ትምህርት ቤት ሳልገባ፣ እዚያው መደቡ ሥር ተቀምጬ ነው።

ቲቸር ይታያል የሁለተኛ ደረጃ የሂሳብ አስተማሪ ሆኖ ከሞጣ መጣና ሰርቪሳችንን ተከራየ። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን አልለውም። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነበር። ማን እንደሚተኩስለት የጠየቀ ሰው አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ይርጋነሽ ባቄላ ስትለቅም መጥቶ አጠገባችን ቁጢጥ አለ። ዐሥራ ሁለት ባቄላ ቆጠረና አራት አራት አድርጎ በሦስት መስመር ደረደራቸው። ከዚያ አንዲት ጨመረና «በይ አሁን እኩል እኩል አድርገሽ ደርድሪ» አለኝ። ብሠራ ብሠራ አንዲቱ እየተረፈች አስቸገረችኝ። «እሷን የሚያካፍላት የለም» አለ እየሳቀ፤ «አንድና ራሷ ብቻ። መጽሐፉ ብቸኛ ቁጥር ይላታል፤ እኛ ፕራይም እንላታለን።» ይርጋነሽም ሳቀች። በእሱ ቀልድ ገና ሳያልቅ ነበር የምትስቀው።

ዐቢይ ጾም ገባ። በጾሙ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ አባባ ከሰዓት ቤት አይገኙም። ከዕለታት በአንዱ ይርጋነሽ የተተኮሰ ሸሚዝ ይዛ ሰርቪሱ በር ላይ ቆማ ሰማኋት።

«ሽማግሌ የምትልከው መቼ ነው?»

በሰው ፊት እርስዎ የምትለውን ሰውዬ አንተ ስትለው ተሳስታ መሰለኝና ደነገጥኩላት። ቲቸር ይታያል መለስ ሲል እኔን አየኝ። ፈገግ አለ። ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ የሰርቪሱን ቆርቆሮ በር ገርበብ አደረገና በውጪው በኩል ትልቅ አድርጎ ጻፈ፦ 1,000,003።

«ማስተዋል፣ ይህችን ቁጥር ያለ ቀሪ የሚያካፍላት ሌላ ቁጥር አግኚልኝ» አለ። «ያገኘሽ ዕለት፣ በማግስቱ ለአባባ ሽማግሌ እልካለሁ። ቃሌ ነው።»

«የልጅ ጨዋታ አታድርገው እንጂ» አለች ይርጋነሽ። ግን ፊቷ በርቶ ነበር።

«ጨዋታ አይደለም። እስከ ሺህ ብቻ ሞክሪ፤ ከዚያ በላይ አትልፊ» አለኝ። ለምን እንደሆነም አስረዳኝ፤ ማስረዳትስ ይችልበት ነበር። ሺህ በሺህ ቢባዛ ሚሊዮን ነው፤ ስለዚህ ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው እሷን ከሰጡ አንደኛው ከሺህ አይበልጥም። በሁለት ካልተካፈለች ደግሞ በአራትም በስድስትም አትካፈልም፤ የሚሞከሩት ብቸኞቹ ብቻ ናቸው። «ደግሞ ጠመኔሽ አይቁም» ብሎ ጨመረ። «ውስጥ ሆኜ ድምፁን ስሰማ ደስ ይለኛል።»

ደስ እንደሚለው አመንኩ። ከዚያ ወዲያ ከሰዓት ከሰዓት በሩ ላይ ተተክዬ ማካፈል ሆነ ሥራዬ። ይርጋነሽ ቤቱን ልታጸዳለት ትገባለች፤ በሩ ይዘጋል። መዘጋቱም ለእኔ ነው ብዬ ነበር፤ በሩ ካልተዘጋ የምጽፍበት የለማ። ቆርቆሮው በፀሐይ ይግላል፣ ጠመኔው ጧ ጧ ይላል፣ ከውስጥ ድምፅ የለም። ትልቅ ሰው ወደ ግቢው ሲገባ፣ እንዳሳደጉኝ፣ ሥራዬን ትቼ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ያኔ ይርጋነሽ ወዲያው ሳህን ወይም መጥረጊያ ይዛ ብቅ ትላለች። ሰው መምጣቱን እንዴት እንደምታውቅ ይገርመኝ ነበር።

አሁን አይገርመኝም። ጠመኔዬ ሲቆም ነው የምታውቀው። ጨዋነቴ የእሱ ዘበኛ ነበር።

አንድ ቀን አባባ ከቅዳሴ ቀደም ብለው መጡና በሩ ሙሉ ቁጥር ሆኖ አገኙት። ይርጋነሽ መጥረጊያ ይዛ ወጣች፤ ቲቸርም ከኋላዋ መጽሐፍ ይዞ።

«ልጄን ሂሳብ ታስተምርልኛለህ?» አሉ አባባ።

«ጎበዝ ናት መሪጌታ። የእርስዎ ልጅ አይደለች?»

«ተባረክ፤ ዕውቀት ይግለጥልህ» አሉት። አጎነበሰና ጉልበታቸውን ሳመ።

ይርጋነሽ ማታ ማታ እራት ስታቀርብልኝ በጆሮዬ «ዛሬስ?» ትለኛለች። «ዘጠኝ ቀረ» እላታለሁ። «ትናንት ዐሥራ አራት አልነበር? እየቀረበ ነው።» አንዱ ቀሪ ከሌላው ጋር እንደማይገናኝ አልገባትም፤ እኔም ያኔ በደንብ አልገባኝም። ቀሪው ያነሰ ዕለት ትዘፍናለች፤ የበዛ ዕለት ዝም ትላለች። ከፋሲካ በኋላ ግን ጥያቄዋ በዛ። ጠዋት ጠዋት ከጓሮ ስታስመልስ ሰማኋትና ምን ሆንሽ አልኳት። «የጾም ሆድ ቅቤ አልለምድ ብሎት ነው» አለችኝ። አመንኩ። ፋሲካ ካለፈ ከወር በላይ ሆኖት ነበር።

ግንቦት መጨረሻ ላይ በመቶዎቹ ውስጥ ገባሁና ተስፋ ቆረጥኩ። አባባ መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ይርጋነሽ ከመጋረጃው ወዲያ ዱቄት ትነፋለች።

«አባባ፣ ትልቅ ሆኖ ማንም የማያካፍለው ቁጥር አለ?»

«ምን የሚያክል ትልቅ?»

«ሚሊዮን የሚያክል።»

ሳቁ። «ሰባትና ዐሥራ ሦስት ብትዪኝ እሺ፤ ትንሽ ነገር ምኑ ይከፈላል? ትልቅ ነገር ግን ከፋይ አያጣም። መንግሥት ይከፈላል። ባሕር እንኳ ተከፍሏል። ትልቅ ሆኖ የማይከፈል አንድ መለኮት ብቻ ነው፤ የቀረው ፍጡር ነው፣ ፍጡር ሁሉ ይከፈላል።»

ወንፊቱ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ቀጠለ፤ ከበፊቱ ፈጠን ብሎ።

አባባ ሊቅ ናቸው፤ ሊቅ ግን ሚሊዮንን ባቄላ አድርጎ ደርድሮ አያውቅም። ኮሌጅ ገብቼ ተማርኩት፤ ብቸኞቹ ቁጥሮች የትም ድረስ ቢሄዱ አያልቁም። እየራቁ ሲሄዱ ይሳሳሉ እንጂ ሁልጊዜ ከፊት ሌላ አለ። አንድ ሚሊዮን ሦስት ደግሞ ከሚሊዮን ቀጥላ የመጀመሪያዋ ብቸኛ ናት። ለዚህ ነው ቲቸር ያስታወሳት፤ አትረሳም። ኮምፒውተር ላይ ብጽፋት ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ መልሱን ሰጠኝ። እሱ መልሱን የሚያውቀው በሩ ላይ ሲጽፋት ነው። የሌለ ነገር መሆኑን እያወቀ ፈልጊ አለኝ፤ እህቴንም በዚያ ላይ አንጠልጥሎ ተዋት።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ይርጋነሽ ማንም ሳያዛት ውኃ አሙቃ ገበቴ ይዛ መጣች። አባባ ፊት ተንበርክካ እግራቸውን አጠበች። ጣት በጣት፣ ተረከዛቸውን እያሸች፣ ቀስ ብላ አጠበችና ሳመቻቸው።

«ዛሬ ምን ተገኘ?» አሏት።

«ምንም። ደክሞዎታል ብዬ ነው።»

«ማኅፀንሽ ይባረክ ልጄ። ወልደሽ ሳሚ።»

አቀርቅራ ቀረች። እንባዋ ገበቴው ውስጥ ጠብ ሲል አየሁ፤ የውኃው እንፋሎት ነው ብዬ አለፍኩት። አልጋ ውስጥ ስንገባ አቀፈችኝና «ሰማሽ አይደል? አባባ ከፋይ አለ ካሉ አለ። አንቺ ብቻ አካፍዪ፤ እኔ እጠብቃለሁ» አለችኝ።

ጠበቀች። ሰኔ ገባ። ትምህርት ተዘጋና ቲቸር ይታያል ክረምቱን እናቴ ጋ ልክረም ብሎ ሰርቪሱን ቆልፎ ሞጣ ሄደ። በሄደ ሰሞን የመጣው ዝናብ በሩን አጥቦ ቁጥሬን ሁሉ ወሰደው። አለቀስኩ። ከዚያ ጠመኔ አነሣሁና ቁጥሯን በቃሌ ጽፌ ከሰባት ጀመርኩ። በዐሥራ ሦስት ሳካፍል አለቀ። ምንም አልቀረም! ሰባት መቶ ስድሳ ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ደረሰ፤ ሥሩ ባዶ።

እየጮህኩ ወጥ ቤት ገባሁ። ይርጋነሽ ጭልፋውን ጥላ አነሣችኝና አሽከረከረችኝ። ከዚያ ሆዷን ይዛ ተቀመጠች፤ እየሳቀች ነበር፣ እያለቀሰችም ነበር። ለአባባ ሞጣ ያለችው አክስታችን ታማለች ተባለና በማግስቱ ወደ ሞጣ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ወጣን። ይርጋነሽ አዲሱን ነጠላዋን ለብሳለች። ደብረ ወርቅ ላይ ሙዝ ገዛችልኝ። «ለሽማግሌ ማን ማንን የሚልክ ይመስልሻል?» እያለች መንገዱን ሙሉ ከእኔ ጋር መረጠች።

ሞጣ ውስጥ ቤቱን ማግኘት አላስቸገረንም። በሩን የከፈተችው ልጅ ያዘለች ቀይ ሴት ናት።

«ከቢቸና? የመሪጌታ ልጆች! ግቡ ግቡ፣ ሁልጊዜ ያነሣችኋል» አለችና ወደ ጓዳ ተጣራች። «ይታያል! እንግዳ መጥቶልሃል!»

እህቱ መሰለችኝ። እኛ ቤት ልጅ የምታዝለው እህት ናት፤ ሌላ ዓይነት ቤት አላውቅም። ግድግዳው ላይ ሴትዮዋ ነጭ ለብሳ፣ ቲቸር ከረባት አስሮ የተነሡት ፎቶ ተሰቅሏል። ይርጋነሽ ቆማ ፎቶውን ብቻ ታያለች። እኔም ከረባቱን ወደድኩት።

ቲቸር በከናቴራ ብቅ አለና ሲያየን ፊቱ ጠፋ። ያመመው መስሎኝ በምሥራቹ ላድነው ፈለግኩ።

«ቲቸር፣ አገኘሁት! ዐሥራ ሦስት!»

ከቀሚሴ ጫፍ የቋጠርኩትን ጠመኔ ፈትቼ ሲሚንቶው ላይ ተንበርክኬ ጻፍኩለት። አጎንብሶ በጣቱ ቆጠረ። ቀና ሲል ፊቱ ተመልሶ ነበር።

«ስንት ዜሮ ነው የጻፍሽው?»

«ስድስት።»

«እኔ የሰጠሁሽ አምስት ነው።» ሳቀ፤ እፎይ ብሎ፣ ከሆዱ ሳቀ። «አንድ ሚሊዮን አልኩሽ እንጂ ዐሥር ሚሊዮን አልኩሽ?»

«ውይ፣ አንድ ዜሮ ምን አላት!» አለች ሴትዮዋ ልጇን እሹሩሩ እያለች። «ዜሮ ባዶ አይደል? ዝም ብለህ ስጣት እንጂ። ምን ልትሰጣት ነበር?»

«እስክሪብቶ» አለ።

«እስክሪብቶ አይደለም...» ልል ስል ይርጋነሽ እጄን ጨመቀችኝ፤ አጥንቴ ድረስ። ሴትዮዋ አዲስ እስክሪብቶ አምጥታ ሰጠችኝ።

«ተቀበዪ፣ አመስግኚ» አለች ይርጋነሽ። ከዚያ ወደ እሱ ዞር ብላ፣ በእርስዎ፣ «ይቅርታ ያድርጉልን። ልጅ ናት። እንደገና ትሞክራለች» አለችው።

«ትሞክር እንጂ» አለ። «እስከ ሺህ ገና ብዙ አለ።»

ሰው ሁሉ እየሳቀ ስለነበር እኔም ሳቅኩ። እስክሪብቶው ሰማያዊ ነበር።

አክስቴ ጥሩአየሁ ቤት ስንደርስ ይርጋነሽን ጓዳ ይዛት ገባች። ሹክሹክታቸው ይሰማኛል። «አራት» ትላለች አክስቴ፤ «አራት እኮ ነው፤ ከባድ ነው!» ስለ ቁጥሬ የሚያወሩ መሰለኝና ለዐሥራ ሦስት አራት ነው የሚቀረው ብዬ ከውጪ ጮህኩላቸው።

«ቀደም ብለሽ ብትመጪ ምን ነበር?» አለች አክስቴ።

«ስጠብቅ ነው።»

«ማንን? እሱን?»

እኔን ነው የጠበቀችው። እሱንማ ፎቶውን ባየች ጊዜ ጨርሳዋለች።

አክስቴ ጤና ጣቢያ እንሂድ ብላ ለመነቻት። «የመሪጌታ ልጅ እዚያ ታየች ከተባለ አባባ ማኅሌት ላይ አይቆሙም» አለች ይርጋነሽ። በማግስቱ የማላውቃት አሮጊት የሆነ ነገር በጥብጣ በቅል ይዛ መጣች። «ኮሶ ነው» አሉኝ። ኮሶ ሰው እንደሚያስተኛ አውቅ ስለነበር አልፈራሁም። ይርጋነሽ ጓዳ ስታቃስት እኔ ደጃፉ ላይ ዜሮዋን ቀንሼ ጀመርኩ። ሲመሽ አስገቡኝ። አንሶላውን እስከ አገጯ ስበውባታል፤ ከንፈሯ ነጭ ነው።

«ጀመርሽ?» አለችኝ።

«ጀመርኩ። ለሰባት አራት ቀረ።»

«አራት ብቻ?» ዓይኗን ጨፈነች። «እንግዲያማ ደርሰናል።»

ሳይነጋ ሞተች። አስከሬኗ ቢቸና ገባ። ለሰው ሁሉ ኮሶ ጸንቶባት ነው ተባለ፤ አባባም ያንኑ ሰምተው ያንኑ እያሉ አለቀሱ።

መስከረም ላይ ቲቸር ይታያል መጣ። ዝውውር አግኝቶ ዕቃውን ሊያወጣ ነው። ከአባባ አጠገብ ተቀምጦ ፊቱን በመሐረብ ጠረገ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አላቸው። አባባ በበኩላቸው ለማስተዋል ስለደከምክ እግዜር ይስጥልኝ ብለው መረቁት። ሸኝቼው ስወጣ ዜሮዋን እንዳስተካከልኩ ነገርኩት። ራሴን ዳበሰኝ። «ጎበዝ» አለና ሙሉ ፓኮ ጠመኔ ሰጠኝ። ዛሬ እኔም ሞጣ ሂሳብ አስተምራለሁ፤ እሱ እዚያው ጡረታ ወጥቷል። በመንገድ ሳልፍ ባርኔጣውን ያነሣልኛል፤ ለሰውም እኔ ነኝ ያስተማርኳት ይላል አሉ። ውሸት አይደለም።

ያን መስከረም ጠመኔውን አልጣልኩትም። ይርጋነሽ እጠብቃለሁ ብላኝ ስለነበር፣ ካገኘሁት የሆነ ነገር የሚስተካከል ይመስለኝ ነበር። ባዶው ሰርቪስ በር ላይ ቆሜ አካፈልኩ። ሌላ ዐቢይ ጾም ሲገባ ከሺህ በታች ያለችው የመጨረሻዋ ብቸኛ ጋ ደረስኩ፤ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሰባት። ዐሥራ ሁለት ቀረ። ከዚያ ወዲያ የሚሞከር የለም።

እጄን ሳልታጠብ ወደ አባባ ሄድኩ። መደቡ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ዳዊት ይደግማሉ።

«አባባ፣ ትልቅ ሆኖ የማይካፈል ቁጥር አለ! ጨረስኩት።»

«የምን ቁጥር ነው?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። እንደ ታላቅ ሥራ ነበር የነገርኳቸው፦ ቲቸር በሩ ላይ እንደጻፈልኝ፣ ካገኘሁት ለይርጋነሽ ሽማግሌ እልካለሁ እንዳለ፣ እሷ ውስጥ እኔ ውጪ ሆነን ከሰዓቱን ሁሉ እንደሠራን፣ ሞጣ ድረስም ሄደን በአንድ ዜሮ እንደወደቅኩ። አባባ ዳዊቱን ከደኑት።

«ያን ጊዜ...» አሉ በመጨረሻ፤ «ያን ጊዜ ፍጡር ሁሉ ይከፈላል ስልሽ፣ ይርጋነሽ ነበረች?»

«ነበረች እንጂ!» አልኩ፤ ማስታወሴ ደስ ብሎኝ። «ከመጋረጃው ወዲያ ወንፊቷን አቁማ ስትሰማ ነበር። አባባ አለ ካሉ አለ፣ እጠብቃለሁ ያለችኝ ያን ዕለት ነው። ማታ እግርዎን ያጠበችዎትም እኮ ለዚያ ነው።»

አባባ የዘረጉትን እግራቸውን ቀስ ብለው ሳቡና ጋቢያቸው ውስጥ ደበቁት።

ብርድ መስሎኝ ተነሥቼ በሩን ዘጋሁላቸው።